በአህያ ንግግር የቀናው ጅብ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ የእመት አህዪትን ትንሿን ውርንጭላ በላባት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ አባትዬው ገና ኮቴ ሲሰማ ፈርጥጦ ነበር። እናት ግን እናት ናትና ወደ አንበሳ ችሎት ሄዳ ከሰሰች።

ችግሩ ንግግሩ ላይ ነበር። እመት አህዪት ሸክም እንጂ አደባባይ አታውቅም። ያ ሁሉ አውሬ ሲያፈጥባት አንዱን ቃል በሌላው ላይ እየደራረበች ተንተባተበች። ዝንጀሮዎቹ ሳቁ። አያ ጅቦ ከሁሉም በላይ ሳቀና፣ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ። ምስክር ካላት ታቅርብ» ብሎ ካደ።

አንበሳም፣ «አንቺ ሴት፣ ያልሽው ምንም አልገባኝም። ቅዳሜ ተመለሺና በቅጡ አስረጂኝ። ካልቻልሽ ጅቦን በነጻ አሰናብተዋለሁ» አላት።

በነጻ ከተሰናበተ ቀጥሎ ማንን እንደሚበላ አህዪት አላጣችውም። ትልቋ ልጇ ከጎኗ ቆማ ነበር።

በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻዋን ቆማ ክሷን ትናገር ጀመር። ስትቸኩል የገደል ማሚቶው ድምፅዋን ድብልቅልቅ አድርጎ መለሰላት። አንዱን ጨርሳ፣ ትንፋሽ ወስዳ ሌላውን ስትናገር ግን ጥርት ብሎ ተመለሰ። «ለካ የሚያጠፋኝ መቸኮሌ ነው!» አለች። ከዚያ ወዲያ ጧት ማታ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ሲስቁባት የነበሩት ዝንጀሮዎች ሳይቀሩ ቋጥኙ ላይ ተደርድረው እያዳመጡ እንባቸውን ይጠርጉ ጀመር።

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ ቁጥቋጦ ሥር ሆኖ አየ። ተከሳሽ ነውና መፍራት ሲገባው ቀና! ክሱ ምንም አልመሰለውም፤ ያንገበገበው የዝንጀሮዎቹ እንባ ነበር። ምግብ አልበላ አለው። ጅብን ምግብ አልበላ ካለው እንግዲህ ቅናቱን እናንተው ገምቱት። ቢጨንቀው ወደ ቀበሮ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ አንጀቴ አርሯል! እኔ አፌን ስከፍት ሁሉም ይሸሻል። እሷ ስትናገር ግን ገደሉ እንኳ ይመልስላታል! ለመሆኑ በምኗ ነው የምትበልጠኝ?»

ቀበሮ የጅቦ ዋሻ ላይ ዓይኗን ከጣለች ቆይታለች። «በምንም አትበልጥህም» አለችው። «ንግግሩ ነው ማለፊያ። ቃል በቃል አጥናውና ቅዳሜ ቀድመሃት ተናገረው። ያኔ ለእሷ ምን ይቀራታል?»

ጅቦ ጥቂት አሰበ፤ ማሰብ ያደክመዋል። «ግን እኮ መሐሉ ላይ ‹ልጄን አያ ጅቦ በላብኝ› የሚል አለበት።»

«ዝንጀሮዎቹ የሚያለቅሱት የቱ ጋ ስትደርስ ነው?»

«እሱ ጋ ስትደርስ።»

«ታዲያ እሱን አውጥተህ ማንን ልታስለቅስ ነው?»

«እውነትሽን ነው!» አለ ጅቦ፤ እየሮጠም ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ።

ቅዳሜ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። አህዪት ገና ወደ ፊት ስትራመድ አያ ጅቦ ገፍትሯት አለፈ።

«ጌታዬ፣ እኔ ልቅደም! ከእሷ አሳምሬ እናገራለሁ!»

አንበሳ ተገረመ፤ ግን ፈቀደለት። ጅቦ እንደ እሷ አንገቱን ቀና አደረገ፤ እንደ እሷም ትንፋሽ ወሰደ።

«ጌታዬ… ልጄ ገና ጡት አልጣለችም ነበር… ወንዝ ዳር ሣር ስግጥ… አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጥቶ በላብኝ… ስትጣራ ሰምቻለሁ… አልደረስኩላትም…»

አንዲት ሚዳቋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጅቦ እንባዋን ሲያይ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

«ማን ነው የበላት?» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ።

«አያ ጅቦ!»

«የትኛው አያ ጅቦ?»

ጅቦ ተቆጣ፤ ስሙንም ሊቀሙት መሰለው። «እኔ ነኛ! ደግሞ ከእኔ ሌላ አያ ጅቦ ማን አለ?»

አንበሳ ወደ አህዪት ዞረ። «የምትጨምሪው አለሽ?»

ያ ሁሉ አውሬ እያፈጠጠባት አንዱን ቃል በሌላው ላይ አልደራረበችም። «አለኝ፣ ጌታዬ» አለች ረጋ ብላ። «ይህ ሁሉ እንባ የልጄ ነው። የእሱ አይደለም።»

አንበሳም ጅቦ ያን አገር ለቆ እንዲወጣ፣ ዳግመኛ ቢታይ እንዲገደል ፈረደ። ጅቦ እየተሳደደ ሲሮጥ ቀበሮን ዋሻው ደጃፍ ላይ አገኛት።

«እመት ቀበሮ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት እያለከለከ። «የማን ንግግር ይበልጣል?»

«ያንተ ነዋ፣ አያ ጅቦ!» አለችው፣ ወደ ውስጥ እየገባች።

ጅቦም ደስ ብሎት ተሰደደ።

ከዚህ የምንማረው፣ በአደባባይ አሳምሮ መናገር የሚሻ ሁሉ የራሱን እውነት ይዞ ይለማመድ እንጂ በሌላው አንደበት ቀንቶ ቃሉን ቢነጥቅ፣ ጭብጨባ ሲጠብቅ በራሱ ላይ እንደሚፈርድ ነው።