ጅራቷን የደበቀችው የወይን ዘለላ

ይህን ተረት ከሰማሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። አንዳንዱ ላይ ተሳስቼ እንደሆነ የምታውቁ አርሙኝ። ቤተ ክርስቲያኑ የማርያም ይሁን የጊዮርጊስ አላስታውስም። በግቢው ውስጥ ወይን እንደነበረና ያን ጊዜ ዛፍም ፍሬም ይናገር እንደነበረ ግን አልጠራጠርም።

ወይኑን የሚጠብቁት እማሆይ ሥርጉተ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። ፍሬው ደርቆ ዘቢብ ይሆናል፤ ዘቢቡም ለቅዳሴ ወደ መቅደስ ይገባል። እማሆይ አንድ ልማድ ነበራቸው። ዘለላ ከመቁረጣቸው በፊት ከታች፣ ከጅራቱ፣ አንዲት ፍሬ ይቀምሳሉ። ዘለላ የሚበስለው ከላይ ጀምሮ ነውና ጅራቱ ካልጣፈጠ አይነኩትም።

ከዘለላዎቹ አንዲቱ ከሁሉ ቀድማ ቀላች። ትከሻዋ በርበሬ መሰለ፤ ጅራቷ ግን ገና ጎመን ነበር። እርሷ ግን ትከሻዋን ብቻ እያየች መቅደስ ቀድማ የምትገባው እርሷ እንደሆነች ታወራ ጀመር።

መጀመሪያ ከቅጠል ተጣላች። ቅላቷን ሰው እንዲያይላት ከላይዋ ዘወር እንዲል አዘዘችው። ቅጠል ከፀሐይ ተቀብሎ ጣፋጩን የሚያቀብላት እርሱ መሆኑን ቢነግራት፣ «አያ ቅጠል፣ አንተ ለፍየል የተፈጠርህ፣ ስለ መቅደስ ምን አገባህ?» አለችው።

ቀጥላ ከሥር ተጣላች። ቶሎ እንድትሞላ ውሃ እንዲጨምርላት አዘዘችው። ሥር ብዙ ውሃ ጣዕሟን እንደሚያቀጥነው ነግሯት አንድ ወር እንድትታገሥ ለመናት።

«አያ ሥር፣ ዕድሜህን ሙሉ አፈር ውስጥ ተቀብረህ እኔን ትመክራለህ? ቀና ብለህ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ሥር። «ያጠጣሁሽ ግን ሳላይሽ ነው።»

በመጨረሻ ከገዛ ጅራቷ ተጣላች። የጅራቷ ፍሬዎች ገና መሆናቸውን፣ ከተቆረጡም አብረው እንደሚቆረጡ ነገሯት። እርሷም አሳፋሪዎች ብላ ሰድባ፣ ያንኑ የሰደበችውን ቅጠል ለምና ከበታቹ ሸሸገቻቸው። ቅጠል፣ «ከፍየል ቀለብነት ወደ መጋረጃነት ተሾምሁ» ብሎ ሳቀ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አዲሱ ገበዝ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ እንዲጠብቁ የተሾሙ፣ አለቃ ምንተስኖት የሚባሉ፣ የሙዝ አገር ሰው ናቸው። ቀይዋን ዘለላ ሲያዩ ቢላዋቸውን አወጡ። እማሆይ ጅራቷን ልቅመስ ብለው ተጠጉ።

«እማሆይ፣ የቀላ ነገር ምን ይቀመሳል? ጥሬም ቢሆን ጭድ ውስጥ እከተዋለሁ። እኛ አገር ሙዝ የምናበስለው እንደዚያ ነው።»

«አለቃ፣ ሙዝ ሙዝ ነው። ወይን ከሐረጉ ከተለየ አይበስልም።»

አለቃ የመነኩሴ ፍርሃት ነው ብለው ቆረጧት። እርሷም ስትሄድ ወደ እኅቶቿ ዞራ፣ «በሉ ደኅና ሁኑ፣ ጥሬዎች» አለች። ያን ጊዜ ጅራቷ ከቅጠሉ ሥር ወለል ብሎ ታየ። እማሆይ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጭድ ውስጥ፣ አለቃ ከአገራቸው ጥሬዋን ካመጧት ከእመት ሙዝ ጎን ተኛች። በሦስተኛው ቀን በስላ እንደሆነ ሙዝን ጠየቀቻት፤ ሙዝ ትንሽ ቢጫ ሆና ነበር፣ ገና ነሽ አለቻት። በስድስተኛውም ጠየቀች፤ ሙዝ ከግማሽ በላይ ቢጫ ሆና ነበር፣ ገና ነሽ አለቻት። በዘጠነኛው ቀን፣ ዘጠነኛው ይመስለኛል፣ ሙዝ ወርቅ ሆነች፤ ዘለላዋ ግን ተጨማደደች፤ ጅራቷም እንደ ጎመንነቱ ቀረ።

«እመት ሙዝ፣ አንቺም ጥሬ ተቆርጠሽ አልነበር? ምነው እኔ ቀረሁ?»

«እኔ የመጣሁት ስንቄን ይዤ ነው፣ እኅቴ። አንቺ የመጣሽው ስንቅ የሚሰጡሽን ሰድበሽ ነው።»

አለቃ አንዲት ፍሬ ቀመሱ፤ አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ፤ እንትፍ አሉ። እማሆይን እንዳያዩ አንገታቸውን ደፍተው ሄደው ዘለላዋን የአቸቶ ማሰሮ ውስጥ ጣሏት።

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት እማሆይ የቀሩትን ዘለላዎች ከጅራታቸው ቀመሱ፤ ጣፈጧቸው፤ ቆርጠው ለዘቢብ ፀሐይ ላይ አሰጧቸው። ቅላት ለዓይን ነው፤ ብስለት ግን ከጅራት ይቀመሳል።

የዚያች ዘለላ ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው የካቲት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ዘቢቡ ወደ መቅደስ ሲያልፍ፣ ከማሰሮው ውስጥ ሆና፣ «ቀድሜያችሁ ነበር» ትል ነበር አሉ።