ጭድ የነፈገው ደምለው

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ፈጣሪ ለእኔ አፍ፣ ለእናንተ ጆሮ ይስጠን።

በድሮ ዘመን ጫኔና ደምለው የሚባሉ ጎረቤታሞች ነበሩ። ጫኔ አንድ በሬ ነበረው፤ ቦራ ይባላል። ደምለውም አንድ በሬ ነበረው፤ ዳለቻ ይባላል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱን አቀናጅተው ዛሬ የጫኔን፣ ነገ የደምለውን ማሳ ያርሱ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ያለጊዜው መጣ። የጫኔን የጭድ ክምር ውሃ ገባው፤ እስከ ሥሩ ሻገተ። ሰኔ ገባ፤ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ዘገየና ሣሩ ገና ከመሬት አልተነሳም። ቦራ ጋጣው ውስጥ ቆሞ የግድግዳ ጭቃ ይልስ ጀመር።

ጫኔ ወደ ደምለው ሄደ። ሣር እስኪደርስ ጭድ እንዲያበድረው ለመነው። ደምለው ለራሴም አይበቃኝ አለ። ክምሩ ግን ከቤቱ ይበልጥ ነበር።

ሐምሌ ገባ፤ ሣሩ ገና ለግጦሽ አልደረሰም። የቦራ ጎድን ወጣ። ጫኔ ዳግመኛ ሄደ፤ በእመቤታችን ስም ለመነ። ደምለው ሁለቱም በሬዎች የእኔ ቢሆኑ ብሎ ጎመጀና፣

"በሬውን ስጠኝና እኔው ልቀልበው" አለ።

ጫኔ እያለቀሰ ተመለሰ።

ቦራ ወደቀ። ጫኔ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደ።

"እሺ ወንድሜ፣ ቦራን ውሰደው። ብቻ አብላው።"

"አሁንማ ወደቀ። የወደቀ በሬ ለምኔ?"

በነጋታው ቦራ ሞተ።

የጤፍ እርሻ ደረሰ። ደምለው ዳለቻን አውጥቶ ቀንበር ጫነበት። የቀንበሩ ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ወደቀ። የሚያቀናጀው ፍለጋ አገሩን ዞረ፤ የሰው በሬ ሁሉ ተጠምዷል። ላሙን ጠመደ፤ ላሟ ትልሙን ሳታጋምስ ተንበረከከች። አህያውን ጠመደ፤ አህያው ቀንበሩን ጥሎ ወደ ወንዝ ሮጠ። በመጨረሻ ዕርፉን ሚስቱን ዝናን አስያዘና የራሱን ትከሻ ከቀንበሩ ሥር አስገባ። ዳለቻ አንዴ ሲስብ ደምለውን በአፍጢሙ ጭቃ ላይ ደፋው።

ዝና ዕርፉን ለቀቀች።

"ጭድ ላምጣልህ እንዴ? እሱ እንደሆነ ሞልቷል" አለችው። አልሳቀችም።

የዘር ጊዜው አለፈ። በጥቅምት የሰው ማሳ ሲያሸት የሁለቱ ማሳ አረም ብቻ ሆነ። ጫኔ ልጆቹን ይዞ ተሰደደ፤ የት እንደደረሰ እግዚአብሔር ይወቀው። ደምለው ዳለቻን በእህል ለወጠ፤ እህሉ ለፋሲካ አላደረሰውም። ልጆቹ ሲርባቸው ያ ሁሉ ጭድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሰው ደግሞ ጭድ አይበላ።

ጫኔስ ምን በደለ ብትሉኝ፣ እኔም አላውቅም። አምላኬን ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ፤ የናንተን ጎተራ አያጉድል። አባቶቻችን ግን እንዲህ ይላሉ፤ አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የትም አይደርስም።