ሁለት ካሜራ ለአንድ እናት

አንድ እናት ነበሩ። ከዚህ ጉባኤ አይደሉም፤ አንገታችሁን እያዞራችሁ አትፈልጓቸው። ስማቸውንም ቀይሬዋለሁ፤ እትዬ አመለወርቅ እንበላቸው።

የእትዬ አመለወርቅ ባለቤት የሞቱት ድንገት ነው። ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ከዚያ ፎቶ ተፈለገ። ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ እንደሚቆም ታውቃላችሁ። ሳጥን ተገለበጠ፣ ዘመድ ቤት ተደወለ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ተወስዳ በትልቁ ታጥባ መጣች። ማኅተሙም አብሯት አደገ። ሰውዬው ጉንጫቸው ላይ ክብ ማኅተም እንደተመታባቸው ተለቀሰላቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ፎቶውን ቀና ብዬ ለማየት አፍሬ መሬት መሬቱን ሳይ ዋልኩ።

ለቅሶው ሲያበቃ እትዬ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ጠሩ። ከእነሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

"ልጆቼ፣ ምንም አትግዙልኝ" አሉ። "አንድ ፎቶ ብቻ እንነሳ፣ ሦስታችን። አባታችሁ ሰው የሌለው መስሎ ነው የተለቀሰለት። እኔ ስሞት ልጆቿ እነዚህ ናቸው ይባልልኝ።"

ሰማችሁ አይደል? ሦስት ሰው፣ አንድ ፎቶ። ይሄ ምኑ ይከብዳል? ጎረቤት ተጠርቶ በስልክ ቢያነሳቸው የተጣደው ሻይ ሳይፈላ ያልቃል።

አላለቀም። ወገኖቼ፣ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ያውም አላለቀም።

ልጆቹ ክፉ እንዳይመስሏችሁ። ታላቁ ውብሸት እናቱን ሳይጠይቅ የሚያድር ሰው አይደለም። ታናሹ ታሪኩ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሱቁን ሲዘጋ መጀመሪያ የሚሄደው እናቱ ቤት ነው። እና ምን አሉ? "ለእናታችንማ በስልክ አይሆንም። አዋጥተን ደህና ካሜራ እንገዛለን።" በፍቅር ነው ያሉት። የሚያናድደኝ እሱ ነው። በክፋት ቢሆን እኮ አንድ ነገር ብዬ እገላገል ነበር።

ውብሸት ሚረርለስ የሚሉትን ፈለገ፤ ሌንሱ እየተፈታ የሚቀያየረውን። ውዱን አይደለም፣ ለጀማሪ የሚሆነውን። ታሪኩ ደግሞ ኮምፓክት የሚሏትን ፈለገ፤ ትንሿን፣ ኪስ የምትገባውን። መጀመሪያ ላይ ተሳስቀው ተከራከሩ። ቀጥሎ ሳይስቁ ተከራከሩ። ቀጥሎ ታሪኩ ከልጅነቱ ጀምሮ "ጋሼ" የሚለውን ወንድሙን "አቶ ውብሸት" ማለት ጀመረ። ይቺን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። በቤተሰብ ውስጥ "አቶ" ከመጣ ነገር ተበላሽቷል።

እትዬ አመለወርቅ ወደ እኔ መጡ።

"ፓስተር፣ ልጆቼ አይነጋገሩም" አሉኝ።

"ምን ሆነው?" አልኩ። በሆዴ የቤት ጉዳይ ይሆናል፣ ውርስ ይሆናል ብያለሁ።

"በካሜራ" አሉኝ።

ደግሜ ጠየቅኳቸው። ደግመው "በካሜራ" አሉኝ።

እንግዲህ ሽምግልና ተሄደ። አዎ፣ ለካሜራ ሽምግልና ተሄደ። ነጠላዬን ለብሼ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አስከትዬ ሄድኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በሁለት ጥግ ተቀምጠዋል። እናታቸው በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሶፋውን ለእኛ ለቀው። ጸሎት አደረግን። ከዚያ ሁለቱም ስልካቸውን አወጡና የካሜራ ፎቶ ያሳዩኝ ጀመር። በያዙት ስልክ ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል ማን ይንገራቸው?

"ፓስተር" አለ ውብሸት፣ "እኔ የምፈልገው የእማዬ ፊት ቁልጭ ብሎ እንዲወጣ ነው። ይሄኛው ከጀርባዋ ያለውን አደብዝዞ እሷን ብቻ ያወጣታል። ማታ በአምፖል ብርሃን እንኳን አይፈዝም። ነገ ደግሞ ሌላ ሌንስ ይገዛለታል።"

"አይገዛለትም" አለ ታሪኩ። "አብሮት በሚመጣው ሌንስ ነው ዕድሜ ልኩን የሚኖረው። እማዬን ደግሞ አውቃታለሁ፤ ያን የሚያህል ዕቃ ከቦርሳ ሲወጣ ስታይ ፊቷ ይደርቃል። ትንሿን ኪሴ ውስጥ ይዣት እመጣለሁ፤ እማዬ ስትስቅ ሳታውቅብኝ ቀጭ አደርጋታለሁ።"

"የደበዘዘች እናት ታነሳለህ።"

"አንተ ደግሞ የደረቀች እናት ታነሳለህ። ሌንሱን በፈታኸው ቁጥርም አቧራ ይገባበታል።"

ከእኔ ጋር የመጣው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "እውነት ለመናገር ትንሿ ለመያዝ ትመቻለች" አለ። ዞር ብዬ አየሁት። ከዚያ በኋላ እስክንወጣ አልተናገረም።

እስቲ ፍረዱኝ። ማንኛቸው ተሳሳተ? ስለ ካሜራ አላውቅም፤ ግን በኋላ የሚያውቅ ሰው ጠይቄያለሁ። ሁለቱም ያሉት ልክ ነው። ትልቁ እውነትም ፊት ያወጣል። ትንሿ እውነትም ሰው አታስደነግጥም። ሁለቱም ልክ ናቸው! እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የተሳሳተ ሰው ይመከራል፣ ይገሠጻል፣ ሲገባው ይመለሳል። ልክ የሆነን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ከየት ወዴት ትመልሱታላችሁ? ልክነቱን ታቅፎ ቁጭ ይላል።

"አንዳችሁ ለአንዳችሁ ተዉለት" አልኳቸው።

"በምን ምክንያት?" አሉኝ፣ ሁለቱም፣ እኩል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት እዚህ ላይ ነው።

"ወንድምህ ስለሆነ" አልኩ።

"ፓስተር፣ ይሄ የወንድምነት ጉዳይ አይደለም፤ የጥራት ጉዳይ ነው" አለኝ ውብሸት።

እትዬ አመለወርቅ ከዱካቸው ላይ ሆነው፣ "ልጆቼ፣ ፎቶ ቤት እንሂድ በቃ። መንገዱን ተሻግሮ ነው" አሉ።

"እማዬ፣ አንቺ ዝም በይ" አሏቸው። "ላንቺ እኮ ነው።"

ላንቺ እኮ ነው። እኚህ እናት የጠየቁትን ሲነፈጉ የተነገራቸው ይሄ ነው። ፎቶ ቤት እንሂድ ሲሉ፣ ላንቺ እኮ ነው። ጎረቤት ያንሳን ሲሉ፣ ላንቺ እኮ ነው። በቃ ፎቶው ይቅርና ታረቁልኝ ሲሉ እንኳ፣ ላንቺ እኮ ነው። ለእሳቸው ከሆነ እሳቸውን የሚሰማ ሰው ለምን ጠፋ?

ሽምግልናው ፈረሰ። መዋጮውም ፈረሰ። ወንድማማቾቹ የየራሳቸውን ካሜራ ገዙ።

ታላቁ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። መጋረጃውን ገለጠ፣ ብርሃኑን አየ፣ እናቱን ሶፋው ላይ አስቀመጠ። እትዬ ሶፋው መሃል ተቀመጡ፤ ግራና ቀኙን ክፍት አድርገው።

"ወንድምህስ?" አሉት።

"እሱን ተይው እማዬ። ቀና በይ።"

"እሺ አንተስ ና እዚህ ተቀመጥ።"

"እኔ ከተቀመጥኩ ማን ያነሳል?"

አነሳና ሄደ። ታናሹ በሌላ ቀን መጣ፤ ኪሱ ውስጥ ትንሿን ይዞ። የሱቁን ወሬ እያወራ አሳቃቸው። እሳቸው እዚያው ሶፋው መሃል ላይ ናቸው። ጎናቸውን መታ መታ አድርገው፣ "ናማ፣ እዚህ ሁን" አሉት። "እኔ እዚያ ከሆንኩ ማን ያነሳል እማዬ?" አለና ቀጭ አደረጋቸው።

ሁለቱም ፎቶዎች በትልቁ ታጥበው፣ ፍሬም ገብተው መጡ። እትዬ አቅፈዋቸው ቤቴ ድረስ አመጡልኝና ጭናቸው ላይ አስቀመጧቸው። የታላቁ እውነትም ቁልጭ ያለ ነው፤ የሽፋሽፍታቸው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። የታናሹ ደግሞ እሳቸውን እሳቸውን የሚል ሳቅ ነው።

"ቆንጆ ናቸው" አልኳቸው። ምን ልበል?

"ቆንጆ ናቸው" አሉኝ። "ግን ፓስተር፣ ብቻዬን ነኝ።"

ከዚያ አለቀሱ። እኔም ልቤ ተሰበረ፤ ከዚያ ደግሞ በጣም ተናደድኩ። ለሁለቱም ደወልኩላቸው። አንዱ "እሱ ይቅደም" አለኝ። አንዱ "ካሜራዬን አጣጥሎብኛል፤ ይቅርታ ይጠይቀኝ" አለኝ። ይቅርታ፣ ለካሜራ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በዓመቱ እትዬ አመለወርቅ አረፉ።

ድንኳን ተተከለ። ፎቶ አልተፈለገም፤ ፎቶማ ሞልቷል። ውብሸት የራሱን በድንኳኑ ቀኝ አቆመ። ታሪኩ የራሱን በግራ አቆመ። ውብሸት በራሱ ፎቶ ሥር፣ ታሪኩ በራሱ ፎቶ ሥር ተቀምጦ ለቀስተኛ ይቀበላል። የገባው ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናችሁ ለማለት ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ይዞራል። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከገጠር የመጡ አንድ የሩቅ ዘመድ ገቡ፤ ሽማግሌ ናቸው። ቀኙን አዩ፤ አንዲት ኮስተር ያሉ እናት። ግራውን አዩ፤ አንዲት የሚስቁ እናት፤ ልብሱ ሌላ፣ ሻሹ ሌላ። ቆመው ግራ ገባቸው። ከዚያ ጎንበስ አሉና ጠየቁኝ፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል መሰለኝ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው።

"ይቅርታ ልጄ፣ የሞቱት ሁለት ሰዎች ናቸው እንዴ?"

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ሁለቱ ፎቶዎች ዞረ። ለእሳቸው መልስ መስጠት የነበረበት እኔ አልነበርኩም። ውብሸት ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ታሪኩ ተነስቶ ወጣና ከድንኳኑ ጀርባ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ታረቁ ወይ? እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ታርቀዋል። ከቀብር መልስ አንገት ላንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። ዛሬ ታሪኩ "ጋሼ" ይላል፣ አብረው ይበላሉ፣ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለት ካሜራም አላቸው፣ ሁለቱም ደህና ይሠራሉ። ያን ፎቶ ግን አሁን ማን ያነሳላቸዋል?

እናንተስ?

ካሜራ የሌላችሁ ሰዎች፣ እናንተን ያልነካ መስሏችሁ አትደላደሉ። አባታችሁ ታመው አንዳችሁ የግል ሆስፒታል፣ አንዳችሁ የመንግሥት፣ አንዳችሁ ጠበል ይሁን ጸሎት ስትሉ ሰውዬው አልጋ ላይ ሆነው ሲሰሟችሁ አልዋሉም? ልጃችሁን የትኛው ትምህርት ቤት ይግባ ብላችሁ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥታችሁ አላደራችሁም? ልጁ በግድግዳው በኩል ሲሰማ "ላንተ ብለን እኮ ነው" አላላችሁትም? እዚሁ ቤት፣ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ የመዘምራን ልብስ ሰማያዊ ይሁን ክሬም በሚል የተኳረፉ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ በፊት በር ይገባል፣ አንዱ በጎን በር ይገባል። የማላይ ይመስላችኋል? አያችኋለሁ እኮ፤ ከዚህ ከፍ ካለ ቦታ ሁሉም ይታያል።

ሁለታችሁም ታገለግላላችሁ። ሁለታችሁም ቆንጆ ትዘምራላችሁ። ስትዘምሩ አምላካችሁ መሃል ተቀምጦ ግራና ቀኙን ክፍት አድርጎ ይጠብቃችኋል። እናንተ ግን ማዶና ማዶ ቆማችሁ፣ ለእርሱ ብዬ ነው ትላላችሁ። ለእርሱ ከሆነ የጠየቃችሁን ስጡት። የጠየቃችሁ ምንድን ነው? ጥራት ነው? ቀለም ነው? ወይስ ወንድማችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ነው?

"እኔ ግን ልክ ነኝ" የምትሉ አላችሁ። ፊታችሁ ላይ ይታየኛል፤ ከንፈራችሁ ተነክሷል። እሺ፣ ልክ ናችሁ። ማንም ልክነታችሁን አይወስድባችሁም። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ደክሜያለሁና የልክ ሰዎችን ክርክር ከዚህ በኋላ አልሰማም፤ ቢሮዬም አትምጡብኝ።

ዛሬ የመዝጊያ ጸሎት አልጸልይም። ለማን እንደምትደውሉ፣ ማን ቤት እንደምትሄዱ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እናት ያላችሁ ደግሞ ምሳ ሳይቀርብ ድረሱ። ወንድማችሁን በመንገድ ላይ ያዙት፤ እሱ ይቅደም አትበሉ። ልክ እንደሆናችሁ ሂዱና አጠገቧ ተቀመጡ፤ ፎቶውን ማንም ያንሳው።

አስተናጋጆች፣ የጎኑን በር ዝጉትና የፊቱን ክፈቱ። ዛሬ ሁሉም በአንድ በር ይውጣ።