የዳልቻ ጆሮ

በድሮ ዘመን ነው ልጆች። ድመት እንደ እኔና እንደ እናንተ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት በዚያ ዘመን፣ ድማ አምባ በሚባል አገር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንጓች እጇ ለጋስ፣ አፏ ዝምተኛ ነበር። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ከሞተ ቆይቷል። መንደርተኛውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ስታልፍ «መካኗ መጣች»፣ ስትመለስ «መካኗ ሄደች» እያለ ያንሾካሹካል። እሷም እንዳልሰማች ሆና አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

በዚያው አገር ደምለው የሚባል ሰው ነበረ። የደምለው ምላስ ማር ነው፤ እጁ ግን ሞፈር ከነካ ስንት ዘመኑ! ሰው ሲያርስ ምክር ይሰጣል። ሰው ሲያጭድ ምክር ይሰጣል። ሰው ሲወቃ ግን ምክሩን ትቶ ቁናውን ይዞ ከች ይላል።

አንድ ዓመት ድማ አምባን አይጥ ወረረው። አይጡ የጎተራውን ጤፍ በላ፣ የዘሩን ሽንብራ በላ፣ የተኛውን ሰው ጥፍር ሳይቀር በላ። አንጓች ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳ፣ ከዘመዶቿ ዘንድ አንዲት አመድማ የድመት ግልገል በጉያዋ ይዛ መጣች። ስሟንም ዳልቻ አለቻት።

ዳልቻ እንዴት ያለች ጎበዝ ነበረች መሰላችሁ! ክረምቱ ሳይወጣ የአንጓችን ጎተራ ከአይጥ አጸዳችው። ቀን ከአንጓች ጋር ስታወራ ትውላለች፣ ሲመሽ እግሯ ሥር ትተኛለች። አንጓች በዚያች ቤት ከሰው ጋር እንደምትኖር የተሰማት ያኔ ነው።

በዓመቱ ዳልቻ ወለደች።

«እመቤቴ፣ አራት ወልጃለሁና ደስ ይበልሽ» አለቻት።

አንጓችም ደስ አላት። አራስ ናት ብላ ገንፎ አገነፋችላት፤ ቅቤውን እንኳ አልሰሰተችም። ምን ያስቃችኋል? ጎረቤቶቿም እንደ እናንተ ስቀው ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን አንድ በአንድ እየመጡ ገንፎውን ቀመሱ፣ ግልገልም ለመኑ። በድማ አምባ ድመት አይሸጥም፤ ለለመነም አይከለከልም። አራቱም ግልገሎች አራት ቤት ገቡ፣ አራቱም ጎተራ ከአይጥ ዳነ፣ አገሩም አንጓችን መረቃት።

በሁለተኛው ዓመት ዳልቻ ወለደች፣ ልጆቿም ወለዱ። አሁን ሁሉም ቤት ድመት አለው፤ የሚለምንም ጠፋ።

«እመቤቴ፣ ወልጃለሁ። የት ልደብቃቸው?» አለች ዳልቻ።

በሦስተኛው ዓመት ዳልቻ ወለደች፣ ልጆቿ ወለዱ፣ የልጆቿ ልጆችም ወለዱ። አመድማ ድመት ከጣራ ላይ፣ አመድማ ድመት ከአውድማ፣ አመድማ ድመት ከማጀት ሆነ። አይጥ ሲያልቅባቸው ጊዜ ቋንጣ ሰረቁ፣ ወተት ደፉ፣ ጫጩት ለቀሙ። ግልገሎቹ በየአጥሩ ሥር ዓይናቸው ሳይገለጥ ይሞታሉ። ሰው ሲረግጣቸው ይውላል፤ መጀመሪያ ያዝን ነበር፣ በኋላ ማዘኑንም ተወው።

«እመቤቴ፣ ስድስት ወልጄ አምስቱ ሞቱ» አለች ዳልቻ። «ከእንግዲህ አልችልም። ሆዴን ዝጊልኝ።»

አንጓች ማሰብ ጀመረች። ሆድ እንዴት ይዘጋል? ማንስ ያውቅበታል?

የአገሩም ሰው በበኩሉ መላ ፈለገ። መጀመሪያ በሬ የሚያኮላሸውን ሰው ጠሩት። ሰውየው የስንቱን ወይፈን ጉልበት የሰበረ ነው፤ አንዱን ወንድ ድመት ያዘና ቁጭ አለ። ድመቱ ፊቱን ከግንባር እስከ አገጭ ቧጠጠው። በስንት ትግል ሦስት አኮላሸ። ከዚያ በሳምንቱ ከወንዙ ማዶ አንድ ጉልቤ ወንድ ድመት ተሻግሮ መጣና የሦስቱን ሥራ ብቻውን ሠራው። ሴቶቹንስ ቢሉት፣ የሴት ነገር አላውቅም ብሎ ፊቱን እያበሰ ሄደ።

ይኼኔ ደምለው ተነሣ። ድመት መግደል በዚያ አገር እርም ነው፤ ነፍሱ ትከተላለች ይላሉ። ስለዚህ ደምለው አለ፣ እኔ በስልቻ እየሞላሁ ወንዝ ላሻግርላችሁ፤ መግደልም አይደል፣ የምትሰጡኝም ከየቤታችሁ አንድ አንድ ቁና እህል ብቻ ነው። አገሩ በአንድ አፍ እሺ አለ።

ደምለው ስልቻውን ሞላ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ባዶውን ተመለሰ። ሰዉም ተገላገልን ብሎ ቁናውን ሰፈረለት።

የማዶ ሰዎች ደግሞ ጧት ሲነሡ ምን ያያሉ? ድመት! ዋይ ዋይ ሲሉ ደምለው እዚያም ከች አለ። እንዲህ ያለ መዓት ከየት መጣባችሁ ብሎ ከንፈሩን መጠጠላቸው። ከየቤታችሁ አንድ አንድ ቁና ስጡኝና እኔ ልሸከምላችሁ አላቸው። ስልቻውን ሞላ፣ ከላይ ጭድ ጎዘጎዘበት፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ከድማ አምባ አውድማ ጀርባ ፈታው። ድመቶቹ ሁሉ አመድማ፣ ሁሉም የዳልቻ ዘር፤ ማን ለይቶ ያውቃቸዋል? ሰውየው በሁለት ቢላ መብላት ማለት ይኼ ነው። በየወሩ ሲሄድም ቁና፣ ሲመለስም ቁና። በመንገድ ስልቻው ውስጥ ታፍነው የሚያልቁትን ግልገሎች ወንዙ ይወስዳቸዋል፤ ስለነሱ የሚጠይቅ የለም።

አንጓች ግን ዳልቻ ያለቻት ነገር ከሆዷ አልወጣም። በንጉሡ ከተማ ወጌሻ አስረስ የሚባል፣ የሴት እንስሳ ሆድ ከፍቶ በጅማት የሚሰፋ አዋቂ እንዳለ ሰማች። በአገሩ ሁሉ እሱ ብቻ ነው። መንገዱ ሦስት ቀን ነው። ዳልቻን አዝላ ሄደች።

ወጌሻው ሙክት አምጪ አላት። ሙክት ከየት ይመጣል? እግሯ ተሰነጣጥቆ ተመለሰች።

ጤፏን ተሸክማ ደግሞ ሄደች። የንጉሡ አዳኝ ውሾች ይቀድማሉ፣ ከመስቀል በኋላ ነይ አሏት። እግሯ ተሰነጣጥቆ ተመለሰች።

በሦስተኛው የሠርጓን የብር ድሪ ከአንገቷ ፈትታ ይዛ ሄደች። ብሩ ሲታይ ጊዜ ተራው ደረሰ። ወጌሻ አስረስ ዳልቻን ተቀበላት፣ ሆዷን ከፈተ፣ ማህፀኗን አወጣ፣ በጅማት ሰፋ። 

«ጆሮዋን ጫፉን ቆርጬዋለሁ» አላት ሲያስረክባት። «ያየ ሰው ሁሉ፣ ይቺ ተሠርታለች፣ ተዉአት እንዲል ነው። አሥር ቀን አትዝለል። ሆዷ እንዳይጨመቅ።»

አሁን ጆሮ ስጡኝ። በድማ አምባ ጆሮው የተቆረጠ እንስሳ ሌባ ነው። ፍየልም ይሁን አህያ፣ ሦስት ጊዜ የሰው አዝመራ ሲበላ ከተያዘ የማሳ ጠባቂው ጆሮውን ይቆርጠዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢደበድበው ባለቤቱ ለምን አይልም። አንጓች ይኼን ታውቃለች። መንገድ ላይ ዳልቻ ጆሮዬን ምን አድርገውኝ ነው ብትላት፣ ምልክት ነው፣ ማንም እንዳይነካሽ ነው አለቻት። ለመንደሩም ልንገራቸው ብላ አስባ ነበር። ግን ምን ብላ ትንገር? «መካኗ ድመቷንም አመከነቻት» ሲሉ ገና ሳይናገሩት ሰማችው። አፈረች። ዝም አለች። ቤቷ ገብታ ዳልቻን አጎዛ ላይ አስተኛቻት።

ስትገባ ያያት ደምለው ብቻ ነበር። የተሰፋውን ሆድ አየ፣ የተቆረጠውን ጆሮ አየ። በንጉሡ ከተማ ስለዞረ የምልክቱን ትርጉም ያውቃል። ይቺ ሴት መንገዱን ለሌላው ካሳየች፣ ድመት መውለዱን ካቆመ፣ እኔ ምን ልበላ ነው አለ በልቡ።

በአምስተኛው ቀን የአንጓች የወንፈል ተራ ደረሰ። ወንፈል አይቀርም፤ ሰው አርሞልሽ አንቺ ብትቀሪ ነውር ነው። በሯን ዘግታ ሌላ ሰው ማሳ ልታርም ወጣች። ደምለውም ጎረቤቶቿን ሰበሰበ። ዛሬ ከሌቦቹ እንጀምር አላቸው፤ በሩን ከፍቶ ጆሮዋን አሳያቸው። ቋንጣው የጠፋበትም አየ፣ ጫጩቱ ያለቀበትም አየ። ገንፎዋን ቀምሰው ልጇን የለመኑት እነዚያ አራቱ ቤቶችም አዩ። ይቺው ናት አሉ። ዳልቻ፣ እኔ እኮ ተሠርቻለሁ ብላ ጮኸች፤ ሰዉ ግን ድመት ሲናገር መስማት ከተወ ቆይቷል።

ደምለው ስልቻውን ሞላ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ባዶውን ተመለሰ።

አንጓች ከእርሻ ስትመለስ አጎዛው ባዶ ነው። ጎረቤት ጠየቀች፤ ሌባዋን ሸኘናት አሏት። ወዲያው ወደ ወንዙ ወርዳ ተሻገረች። በማዶ ዳር አመድማ ድመት እንደ ቅጠል ረግፏል፤ የሞተም አለ፣ ሊሞት የደረሰም አለ። አንድ አንዱን ጆሮውን እየዳበሰች ፈለገች። አንዱ ሙሉ ነው፣ ሌላውም ሙሉ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር፣ አንድ የተቆረጠ ጆሮ ጣቷ ላይ ተሰማት። ስልቻው ውስጥ ተጨምቃ ስፌቷ ተፈትቷል።

«እመቤቴ» አለች ዳልቻ። «ለኔ ነግረሽኝ ነበር። ለነሱ አልነገርሻቸውም?»

አንጓች አንሥታ አቀፈቻት። ዳልቻም እቅፏ ውስጥ ሞተች።

አንጓች በነጠላዋ ጠቅልላት ድማ አምባ አውድማ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አኖረቻት። ዕድሜዋን ሙሉ ያልወጣው ድምጿ ያን ቀን ወጣ።

«እኔ መካን ነኝ» አለች። «ይቺንም ያስመከንኳት እኔ ነኝ። ራሷ ለምናኝ ነው። በዚህ ሁሉ አገር ከእንግዲህ የማትወልድ ድመት እሷ ብቻ ነበረች፤ ጆሮዋም የዚያ ምልክት ነበር። ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። እናንተን አፈርኩ።»

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። በዚያው ሰዓት የማዶ ሰዎች፣ ለምን ድመታችሁን ትጥሉብናላችሁ ብለው ዱላ ይዘው ደረሱ። እነዚህም እናንተ ናችሁ የምትጥሉት አሉ። ጠብ ሊሆን ሲል፣ ማን ተሸከመላችሁ ቢባባሉ፣ ከዚህም ደምለው ከዚያም ደምለው ሆነ። ያዙት። ባዶ ስልቻውን አንገቱ ላይ አሰሩበት፤ ከሁለቱ አገር ያከማቸውን እህል ለወረወራቸው ድመቶች እንዲያበላ ፈረዱበት። ሦስት ወር አበላ። እህሉ አለቀ፤ እሱም ስልቻውን ከነገመዱ እንደታሰረ አገር ለቆ ጠፋ። ቅጣቱ ይኼ ነው። ደስ አላችሁ? እኔን ደስ አላለኝም፤ ድመቶቹ እነዚያን ሦስት ወራት በልተው ጠግበው ነበርና ከበፊቱ ይልቅ ወለዱ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወጌሻ አስረስ ዘንድ ሄደው እግሩ ላይ ወደቁ። እሱም ከጧት እስከ ማታ ብሠራ የምችለው ሦስት ነው፣ በእናንተ አገር በቀን ስንት ይወለዳል አላቸው። አንገታቸውን ደፉ። ለሌላ ሰው እጅህን አስተምር ቢሉት ደግሞ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ዓይኔ ደህና ሳለ የሚማር ቢመጣ ምን ነበር አለ። እነሱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አንጓች ሌላ ድመት አላሳደገችም። ደጇ ላይ የሚወለዱትን ግን ዝም ብላ ትቀብራለች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ከዚያ ቀን ወዲህ ድመት ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ቢጮህም ሊነግረን አይደለም።

የተረቱ ቁም ነገር ይኼውላችሁ። ለስልቻው ሁሉም ቤት በየወሩ ቁና ሰጠ፤ ለመርፌው ግን አንዲት ሴት ድሪዋን ስትፈታ የረዳት አልነበረም። አርቆ መጣል ቀላል መስሏቸው ነበር። አንጓችም ብትሆን፣ መናገር የነበረባትን በሰው አፍ ፈርታ ዋጠችው። መላን የሚያውቅ ሰው እፍረቱን ውጦ ይናገር።

ተረቴ ይኸው ነው፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልላችሁም፣ ዛሬ አይወርድልኝም። ያቺን ከደጅ የምትጮኸውን ትሰሟታላችሁ? ጠዋት አይቻታለሁ፤ እርጉዝ ናት። ሁለቱም ጆሮዋ ሙሉ ነው።