የግንብ ሥር ሕክምና

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ይልቃል፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ሸዋንግዛው ጥያቄውን ገና ጨርሶ ሳይቀመጥ። የጠየቃቸውም «ለሰፈራችን ችግረኞች በየቤታቸው ኢንተርኔት ከምናስገባ፣ የእድሩ አዳራሽ ውስጥ አንድ ዋይፋይ ብንተክልና እዚያ እየመጡ ቢጠቀሙ ምን ይጎድልባቸዋል?» ብሎ ነበር።

ሰውየው ባለጸጋ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ቤቱ ዋይፋይ ባስገባ ጊዜ የይለፍ ቃሉን ለድሃ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰጠ። ነገር ግን ኔትወርኩ ከአጥሩ ግንብ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሰዉ ግንቡን ተደግፎ ይውል ጀመር። ተማሪው ይመጣል፣ ሥራ ፈላጊው ይመጣል፣ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊም በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች። ባለጸጋው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ምርቃቱን ይሰማል፤ ደስ ይለዋል።

የሚሰማው ግን ምርቃት ብቻ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላላቸው ሰው የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰምቷል፤ ግንቡ ሥር የነበረው ሁሉም ሰምቷል። ልብስ ሰፊዋን ጅማ ያለ አንድ ሰው ሊያገባት እንደሚፈልግና እሷም እያቅማማች እንደሆነ ከራሷ ወንድሞች በፊት ያወቀው እሱ ነው።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ መጣች።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ቴክኒሻን አነጋግረን ነበር። አንድ መስመር አስገብቶ ለአሥር ቤት ቢያከፋፍለን ወርሃዊ ክፍያውን ተጋግዘን እንችለዋለን። ያቃተን የመግቢያው ነው።»

ባለጸጋው ቅር አለው። «ግንቤ ምን አደረጋችሁ?»

«ምንም። ብቻ ሰው ፊት የማይወራ ነገር አለ።»

«ነውር ካላወራችሁ ማን ምን ይላችኋል?» አላት። በርጩማዋን አንስታ ወደ ግንቡ ተመለሰች።

ብዙም ሳይቆይ ሰውየውን ኪንታሮት ያዘው። አንድ የታወቀ ሐኪም በቪዲዮ ሊያነጋግረው ቀጠሮ ሰጠው። ሰዓቱ ሲደርስ የቤቱ መስመር ተቋረጠ። ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ከወር በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ መቀመጥ ካቃተው ሳምንት አልፎታል። ስልኩን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ያለ ይለፍ ቃል የሚሠራ ዋይፋይ ወዳለው ሆቴል ግንብ ተጣደፈ። ለካ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደዚያው ዞሯል። ቦታ ለቀቁለት፣ በርጩማም አቀረቡለት። «ብቆም ይሻለኛል» አለ።

ሐኪሙ መስመር ላይ መጣ። «ጮክ ይበሉ፣ አይሰማም። የት ጋ ነው የሚያምዎት?»

«ታች ነው» አለ ባለጸጋው ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ።

«እግርዎን?»

«ከእግር ከፍ ይላል።»

«ጉልበትዎን?»

«ትንሽ ከፍ ይበሉ፣ ዶክተር።»

ግንቡን የተደገፉት በጨዋ ደንብ ፊታቸውን አዞሩ። ለጆሯቸው ግን ማዞሪያ አልነበራቸውም። ሐኪሙ በመጨረሻ ገባውና «አሃ፣ ኪንታሮት! በሉ ካሜራውን ወደዚያ ያዙሩልኝ» አለ። ባለጸጋው ስልኩን ዘጋው።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁበት ይሻለው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ «ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይቀመጡ፣ ጋሼ፤ አባቴን ረድቶታል» አለችው። ከእሷ ቀጥሎ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ነገረው፤ አንዱማ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ አሳየው።

በማግስቱ ባለጸጋው ቴክኒሻኑን ራሱ ጠራው። የመግቢያውን ከፈለ፤ አሥሩም ቤት የየራሱ የይለፍ ቃል እንዲኖረው አስደረገ። አጭበርባሪ ሲደውል ምን ማድረግ እንዳለባቸው ሽማግሌዎቹን እንዲያስረዳ ቴክኒሻኑን ግማሽ ቀን አቆየው። ከዚያ በኋላ ግንቡ ሥር የሚቆም ጠፋ። በረንዳው ጭር አለበት፤ ምርቃቱ ናፈቀው። ቢሆንም መስመሩን አላስነቀለም።

መምህር ይልቃል ወደ ሸዋንግዛው ዞሩ።

«እድርህም እንደዚያ ሰው ነው፣ ልጄ። መስጠቱን ይሰጣል፣ እጁ ግን እስከ ግንቡ ድረስ ብቻ ነው። እስቲ ንገረኝ፤ አንተ ለሐኪምህ የምትነግረውን ወይም ከሚስትህ ጋር የምትጨቃጨቀውን ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቢሰማብህ ትወዳለህ?»

«አልወድም» አለ ሸዋንግዛው።

«ድሃውም አይወድም። ኢንተርኔቱን በሩን ዘግቶ ከሚቀመጥበት ቤቱ ድረስ አድርስለት።»