አፏን ያልከፈተችው ቆሮሶ

እናንተ አድማጮች፣ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ነገሩ የሆነው ከብዙ ብዙ ዘመን በፊት ነው። ጉማሬ ዳኛ፣ እንቁራሪት ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፤ ስልክ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ ግን ትንሽ ቆየት ብሎ። ዛሬ እንዲህ ያለ ችሎት የለምና ማንም ወደ ራሱ አያዙረው።

አንድ ወንዝ ጣና ሐይቅ በሚገባበት ረግረግ፣ ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ በሚበቅልበት፣ አንዲት ቆሮሶ ትኖር ነበር። ቆሮሶ ጠፍጣፋ ዓሣ ናት፤ በሰው ነገር አትገባም። ከእሷ በታች፣ ጭቃው ውስጥ፣ አምባዛ ይኖር ነበር። አምባዛ ጢማም ዓሣ ነው፤ አፉ ሰፊ ነው፤ ከራሱ ያነሰውን ሁሉ ይወዳል።

አንድ ቅዳሜ አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ የከተማ ሰው ወደ ረግረጉ መጡ። አሥራ ሁለት ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሰዋል። ሦስት አሽከሮችም አስከትለዋል፤ ዘንግን፣ መንጠቆንና ቡሽን። ዘንግ ረጅምና ኩሩ ነበር። መንጠቆ ቀጭን ነበር፤ አንደበቱም ለስላሳ። ቡሽ ደግሞ ቀለል ያለ ነበር፤ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ለመጣው ማዕበል ሁሉ እሺ እሺ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ትል የሚባልም አብሯቸው ነበረ፤ እሱ ግን መንጠቆ ላይ ስለተሰካ ከአሽከር አልተቆጠረም።

ታንኳ የሚቀዝፍላቸው እንድሪስ የተባለ የአገሩ ሰው ነው። እንድሪስ ዓሣ በመረብ ይዞ ቤቱን ያበላል። ለወጡ ሽንኩርትና በርበሬ ይዘው እንደሆነ አቶ ልሳነወርቅን ጠየቃቸው። እሳቸውም ቅር ተሰኙ፤ ዓሣ በልተው እንደማያውቁ፣ የዓሣ ወዳጅ እንደሆኑ፣ ይዘው መልሰው እንደሚለቁ አስረዱት።

«ከለቀቁት ለምን ይይዙታል፣ ጌታው?» አለ እንድሪስ።

«ለመዝናናት።»

እንድሪስ ወደ ውሃው አየና፣ «እሱም ይዝናናል?» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ይህን አልሰሙም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የማይሰማ ጆሮ በብዙ ትምህርት የሚገኝ ነው፤ እኔ እስካሁን አልታደልኩም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቆሮሶ ትሉን አየች፤ ጎረሰች፤ መንጠቆም ከንፈሯን ወጋ። ዘንግ ጎበጠ፤ ክሩ ተወጠረ፤ ቆሮሶ ወደ አየሩ ወጣች። አቶ ልሳነወርቅ በስንዝር ለኳት። በሚዛን ሰቀሏት። ለእንድሪስ ስልካቸውን ሰጥተው ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሡ፤ በፎቶው ላይ ከሁለቱ አንዳቸው ይስቃሉ። ከዚያ ግንባሯን ሳም አደረጉና፣ «ሂጂ የኔ ቆንጆ፣ ምሬሻለሁ» ብለው ወረወሯት።

ቆሮሶ ወደ ታች ወረደችና ማሰብ ጀመረች። ምሕረት የሚደረግለት ያጠፋ ነው። ታዲያ ምን አጠፋሁ? ሳምንቱን ሙሉ ጥፋቷን ስትፈልግ ሰነበተች፤ አንድም አላገኘች።

በሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። መንጠቆ የከንፈሯን ሌላኛውን ጎን ወጋ። አቶ ልሳነወርቅ ለኳት፣ ሰቀሏት፣ ከስታ ስላገኟት በደንብ እንድትበላ መከሯት። ከዚያ እንደገና «ምሬሻለሁ» ብለው ወረወሯት።

ቆሮሶ ከንፈሯ አብጦ ወደ ዳኛው ሄደች።

ዳኛው ጉማሬ የተከበረ ዳኛ ነበር። ሣር እንጂ ሌላ በአፉ አይዞርም። በየችሎቱ መጀመሪያም፣ በዕድሜው ሙሉ ሥጋ የሚባል ነገር ምላሱን ነክቶት እንደማያውቅ ይናገራል፤ ረግረጉም ሁሉ ይህን እየሰማ ያከብረዋል። የቆሮሶን አቤቱታ በትዕግሥት አዳመጠ። ከዚያ ሰውየው ምን እንደወሰዱባት ጠየቃት። ክንፍሽን? አልወሰዱም። ጭራሽን? አልወሰዱም። እንግዲያው ሙሉ ሆነሽ መጥተሽ ጎደለብኝ የምትዪው የቱ ነው? ብሎ ምስክሮች አስጠራ።

ዘንግ ቀርቦ፣ ረጅም ቢሆንም ለዚች ዓሣ ጎንበስ ብሎ እጅ እንደነሣ ተናገረ። መንጠቆ ቀርቦ፣ ከንፈሯን ነካ ከማድረግ በቀር ሌላ እንዳላደረገ፣ ይህም ከፍቅር እንደሆነ ተናገረ። ቡሽ ቀረበ። እሱ ከውሃው በላይ እንጂ በታች ምን እንደሚሆን አይቶ አያውቅም። ቢሆንም በታች ያለው ሁሉ ሰላም እንደነበር መሰከረ፤ ራሱንም ነቀነቀ።

ዳኛውም ፈረደ። አቤቱታው ውድቅ ሆነ። ይልቁንም ከሳሿ ሁለት ጊዜ ምሕረት ተቀብላ አንድም ጊዜ ስላላመሰገነች፣ በሚመጣው ቅዳሜ በረግረጉ ሁሉ ፊት ቆማ አቶ ልሳነወርቅን እንድታመሰግን ታዘዘች። እኔ ሕግ አላውቅም፤ ግን እንቁራሪት ውሳኔውን ስታነብ ድምፅዋ እንዴት ያምር ነበር።

በዚያ ሳምንት ውስጥ ግን ቆሮሶ እናት ሆነች። የቆሮሶ ወግ እንዲህ ነው፦ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው። ልጆቿ የሚፈለፈሉት እዚያው አፏ ውስጥ ነው፤ ክንፋቸው እስኪጠና የሚያድሩትም እዚያው ነው። እስከዚያ እህል አትቀምስም፤ ቃል አትተነፍስም። አፏን ያለጊዜው ብትከፍት፣ አምባዛ ከታች አለ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ልሳነወርቅ መንጠቆን ወረወሩ። መንጠቆ ወደ ቆሮሶ ቀረበና በለስላሳ አንደበቱ ለመናት። ዝም አለች። ትሉ ወፍራም እንደሆነ ነገራት። ዝም አለች። ዛሬ ኩራት ኩራት ብሏታል ወይ ብሎ አሽሟጠጣት። ዝም ብላ ወደ ደንገሉ ሥር ገባች።

ሰውየው እስከ እኩለ ቀን ጠበቁ። ፊታቸው ቀላ፤ ሰደርያቸው ሞቃቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ሲለፉ ሰንብተው መዝናናታቸውን አንዲት ዓሣ ከለከለቻቸው። «ይኸውልህ፣ የምምረው አጣሁ» አሉ ለእንድሪስ። ከዚያ በቀጥታ ታንኳውን ወደ ችሎቱ አስቀዘፉ።

ችሎቱ ደንገሉ ጥላ በሚያጠላበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ተሰየመ። ዳኛው ጉማሬ ግማሽ አካሉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠ፤ ሥጋ ቀምሶ እንደማያውቅም ተናገረ። ቆሮሶ ተይዛ ቀረበች። አምባዛ ሳይጠራ መጥቶ ከአገጯ በታች ጋደም አለ።

«አፍሽን ክፈቺና አመስግኚ» አላት ዳኛው።

ቆሮሶ ዝም አለች። ሁለተኛ ጠየቃት፤ ዝም አለች። ሦስተኛ ጠየቃት፤ ዝም አለች።

ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ አውጥቶ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና አፏ ውስጥ ልጆች አሉ ሲል ተናገረ። እንቁራሪት መዝገቡን አገላበጠች። ልጆች የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ልጆቹ እንደሌሉ ተቆጠረ። አምባዛም በደግነት ተነሥቶ ጢሙን እያሻሸ፣ እናትየው ያለሥጋት አፏን ትክፈት፣ ልጆቹን እኔ እቀበላቸዋለሁ፣ ልጅ በጣም ነው የምወደው አለ። ቡሽ ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛውም እንዲህ ሲል ደነገገ፦ «ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ያለ፣ በተጠየቀው ሁሉ ተስማምቷል። ስለዚህ ቆሮሶ ምሕረቱ እንደሚገባት ተስማምታለች። ውለታ ቢስ እንደሆነችም ተስማምታለች። አፏን ለመክፈትም ተስማምታለች። በራሷ ካልከፈተች መንጠቆ ይክፈትላት።»

እንቁራሪት ጻፈች። መንጠቆ ፈገግ ብሎ መውረድ ጀመረ። አምባዛ ከታች አፉን አሰፋ። ኤሊ ማየት አልቻለምና ወደ ልብሱ ገባ።

እንግዲህ ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ክርክሩም ረዝሟል፤ ዳኛው ደግሞ ሌሊቱን ብዙ ሣር ሲግጥ ነበር ያደረው። አዛጋ። የጉማሬ ማዛጋት ቀላል ነገር አይደለም፤ እንደ ግቢ በር ወለል ነው የሚለው። የታችኛው መንጋጋው ውሃው ውስጥ ጠለቀ፤ የላይኛው ወደ ሰማይ ወጣ።

ቆሮሶ ተፈተለከች። በአምባዛ ጢም አጠገብ አለፈች፤ በመንጠቆ ጫፍ አጠገብ አለፈች፤ በዳኛው ሁለት ክራንቻዎች መካከል ገባች። እዚያ፣ ምላሱ ላይ፣ አፏን ከፈተች። እንደ ቅንድብ ፀጉር የቀጠኑ መቶ የሚሆኑ ልጆች ፈሰሱ። እሷም ተመልሳ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

ዳኛው አፉን ሊዘጋ ሲል፣ «ክቡር ዳኛ፣ እንዳይዘጉት» አለች። «ከዘጉት ሥጋ ይቀምሳሉ።»

ረግረጉ ሁሉ ወደ ዳኛው አፍ አየ። ዳኛው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«አፌን እንድከፍት ታዝዤ ነበር፤ ይኸው ከፈትኩ» አለች ቆሮሶ። «አሁን ልናገር። እንድሪስ መረብ ይጥልብናል። ከያዘን ይበላናል። ጠላታችን ነው፤ እንሸሸዋለን፤ ርቦት እንደሆነም እናውቃለን። አንድም ቀን ግን ወግቶን አመስግኑኝ አላለንም። እኚህ ሰው አልራባቸውም። ሁለት ጊዜ አፌን ወጉ፣ ሁለት ጊዜ ማሩኝ። ጥፋቴን ጠየቅሁ፤ የሚነግረኝ ጠፋ። ዛሬ ደግሞ ሳልወጋ ስለቀረሁ ተከሰስኩ። እናንተስ፣ አምባዛ ከሥሬ አፉን ከፍቶ ተኝቶ እያያችሁ ልጅ የሚል ቃል መዝገብ ውስጥ ትፈልጋላችሁ? እኔ የእናንተን ምሕረት አልፈልግም። ፍላጎቴ ይህ ነው፦ የእናቶች አፍ በልጆች በሞላበት ወራት መንጠቆ እዚህ ረግረግ አይጣል። ያላጠፋም አይማር።»

እንቁራሪት ጸሐፊ ናት፤ ደንቡን ታከብራለች። ወደ ዳኛው ዞራ፣ በዚህ ይስማማሉ ወይ ስትል ጠየቀች። ዳኛው ዝም አለ፤ ለሃጩ በክራንቻው ወረደ። ሁለተኛ ጠየቀች፤ ዝም አለ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ሦስተኛ ስትጠይቀው «ኣ... ኣ...» አለ። እሷም ጥቂት አሰበችና፣ ዳኛው አዎ ማለት ጀምረው በደስታ ብዛት እንዳልጨረሱት ጻፈች። ማኅተም መታችበት።

አቶ ልሳነወርቅ ይግባኝ ለማለት ተነሡ፤ ይግባኙ የሚቀርበው ግን ለዚያው ዳኛ ነበር፤ እሱም ሥራ ላይ ነው። ቆሮሶ ወደ አምባዛ አየች። ረግረጉ ሁሉ እሷ ያየችውን አየ። አምባዛ ማዶ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለውና ጭቃውን አድፍርሶ ሄደ። ያኔ ቆሮሶ ወደ ዳኛው መንጋጋ ጠጋ ብላ አፏን ከፈተችላቸው፤ መቶዎቹ ልጆች በሰልፍ ተመልሰው ገቡ። ዳኛው አፉን ዘጋ። የዚያን ቀን ሌላ ጉዳይ አልታየም።

አቶ ልሳነወርቅ ቅስማቸው ተሰብሮ ዓሣዎቹ ምስጋና ያውቃሉ ወደሚባልበት ሌላ ወንዝ ሄዱ። ዘንግ፣ መንጠቆና ቡሽ ተከተሏቸው። ትሉን ማንም አልጠየቀም። እንድሪስ ደግሞ በማግስቱ እንደ ልማዱ መረቡን ጣለ፤ ቆሮሶም እንደ ልማዷ ሸሸችው፤ በዚህ አንዳቸውም አልተቀየሙም።

የተረቱን ቁም ነገር ብዙ ካሰብኩ በኋላ አግኝቼዋለሁ፤ የተነገረውም ለዳኞች ነው። ዳኞች ሆይ፣ ችሎት ላይ ስታዛጉ አፋችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ለእናቶች የሚሆን ምክር ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ። እነሱ ምን እንደያዙ ያውቃሉ።

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ የተከፋ ካለ ተረቱን ይክሰስ።