ለቆመው ሕንፃ የተጣለ ድንኳን

ተረት ነው ብላችሁ አዳምጡ። ማጣራት የሚፈልግ ካለ ግን ግራር ሥር ሰፈር ሄዶ ቀና ይበል፤ ሕንፃው አሁንም እዚያው ነው።

አምስት ፎቅ ወጥቶ ቆሟል። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ግራጫ ሆኗል። አናቱ ላይ የቀሩት ብረቶች ዝገዋል። ምድር ቤቱ ውኃ አቁሮ እንቁራሪት ይጮኽበታል። በአስፋልቱ ዳር ቤት የነበራቸው የግራር ሥር ሰዎች ቦታቸውን ለአንድ አክሲዮን ማኅበር የሰጡት፣ ከሕንፃው ቤት ታገኛላችሁ ተብለው ነው። እስኪያልቅ ድረስ ከጀርባው በተሠሩ የቆርቆሮ ክፍሎች ለጊዜው ገቡ። ያኔ ታዝለው ከገቡት ሕፃናት መካከል ዛሬ ልጅ ያዘሉ አሉ።

ጋሽ ፈለቀ ጎሚስታ ነበሩ። የሕንፃው ዋና በር ይሆናል በተባለው ቦታ ላይ ጎማ ሲጠግኑ ኖረዋል። አሁን ግራ ጎናቸው አይታዘዝም። ሐኪሙ ፀሐይ ይሙቁ ብሏል። ክፍላቸው ግን ከሕንፃው ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ የሚገኘው አስፋልቱ ዳር ብቻ ነው። አስፋልቱ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው፤ በመካከል የግንባታው አጥር አለ። በጓሮ በኩል ያለው መውጫ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቁልቁለት ነው፤ በክረምት ጤነኛውም በቂጡ ይወርደዋል።

ስለዚህ የጋሽ ፈለቀ ባለቤት እትዬ ስንዱ አንድ ነገር ፈለጉ። ከአጥሩ ላይ አንዲት ቆርቆሮ እንድትነሳ። ወንበር የሚያሳልፍ ክፍተት፤ ሌላ ምንም።

ወደ ዘበኛው ወደ ላቀው ሄዱ።

«ላቀው፣ ልጄ፣ ይቺን ቆርቆሮ ንቀልልኝ። ጋሼህ ፀሐይ ይሙቁ።»

«ጋሽ ፈለቀን እኔ ጠልቼ ነው እትዬ? ፎርማኑ ሳይፈቅድ አልነቅልም።»

ላቀው አይነቅልም፤ ቆርቆሮው አይነሳም፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ አይሞቁም።

ፎርማኑ ሥራ ስለሌለው ሌላ ሰፈር የሌላ ሰው ግድግዳ ሲያስለስን ተገኘ።

«ፎርማን፣ ላቀው አንዲት ቆርቆሮ እንዲነቅል ፍቀድለት።»

«እማማ፣ እኔ ያጠርኩት ታዝዤ ነው። ኮንትራክተሩ ሥራ ሳይጀምር አጥር አላስነካም። ነገ ሚስማር ጠፋ ቢባል ተጠያቂው ማን ነው?»

«ሕንፃው ሲጠፋ ያልተጠየቀ ሰው ለሚስማር ይጠየቃል?»

ፎርማኑ ሳቀ። አልፈቀደም። ፎርማኑ አይፈቅድም፤ ላቀው አይነቅልም፤ ቆርቆሮው አይነሳም፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ አይሞቁም።

ኮንትራክተሩ ዘንድ ሄዱ። መኪናው ውስጥ ሆኖ መስታወቱን እስከ አገጩ ዝቅ አደረገላቸው።

«ማኅበሩ ቀጥል ሳይለኝ ሥራ አልጀምርም እናቴ። እኔም እንደ እናንተ ጠባቂ ነኝ።»

«አንተስ የምትጠብቀው ፀሐይ ላይ ነው» አሉት። መስታወቱ ተዘጋ።

ኮንትራክተሩ አይጀምርም፤ ፎርማኑ አይፈቅድም፤ ላቀው አይነቅልም፤ ቆርቆሮው አይነሳም፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ አይሞቁም።

የአክሲዮን ማኅበሩ ቢሮ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ሕንፃው ተጠናቆ ይታያል። መስታወት ሥር የተቀመጠ ሞዴል ነው፤ ከጉልበት አይበልጥም። ሁሉም ፎቅ አልቋል፣ ዛፉ ተተክሏል፣ በሩ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሽማግሌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እትዬ ስንዱ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ሥራ አስኪያጁ ወጣ።

«ምን ልታዘዝ?»

«እኚህ ሰውዬ ማን ፈቅዶላቸው ነው የተቀመጡት?»

ሥራ አስኪያጁ አልገባውም። ሲያስረዱት ግን ጨዋ ሰው ነውና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። ባንኩ ብድሩን ሳይለቅ ማኅበሩ ቀጥል አይልም።

ማኅበሩ ቀጥል አይልም፤ ኮንትራክተሩ አይጀምርም፤ ፎርማኑ አይፈቅድም፤ ላቀው አይነቅልም፤ ቆርቆሮው አይነሳም፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ አይሞቁም።

ባንክ ቤት ወረፋ ይዘው ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ኃላፊዋ ልጅ በትሕትና አዳመጠቻቸው።

«እናቴ፣ የግንባታ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል። ፈቃዱ ሳይታደስ ብድር አንለቅም።»

«እኔ ብድር አልፈለግሁም። ቆርቆሮ ነው።»

«ገብቶኛል፤ ግን በእኛ በኩል ያለው ብድሩ ነው።»

ባንኩ አይለቅም፤ ማኅበሩ ቀጥል አይልም፤ ኮንትራክተሩ አይጀምርም፤ ፎርማኑ አይፈቅድም፤ ላቀው አይነቅልም፤ ቆርቆሮው አይነሳም፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ አይሞቁም።

ግንባታ ፈቃድ ክፍል ሲደርሱ ባለሙያው ስብሰባ ነበር። ሌላ ቀን ሲመለሱም ስብሰባ ነበር። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ያዙት።

«የግራር ሥር ነዋሪዎች ቦታ የሰጡ ናቸው» አለ እየወረደ። «እነሱ ሳይስማሙ ፈቃድ አላድስም። ይህ ለእናንተው ጥቅም የወጣ ነው። እንዲፈርሙ ለእድራችሁ ዳኛ ጥያቄ ልከናል፤ እሳቸው አልፈርምም አሉ።»

«የኛ ዳኛ?»

«የእናንተው ዳኛ።»

ፈቃድ ክፍሉ አያድስም፤ ባንኩ አይለቅም፤ ማኅበሩ ቀጥል አይልም፤ ኮንትራክተሩ አይጀምርም፤ ፎርማኑ አይፈቅድም፤ ላቀው አይነቅልም፤ ቆርቆሮው አይነሳም፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ አይሞቁም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድይራድ ቤት ከእትዬ ስንዱ ክፍል አጠገብ ነው። ሲያስነጥሱ በግድግዳው ይሰማል። ያን ሁሉ አገር አዳርሰው የመጡት እዚያ ነው።

«አቶ ወንድይራድ፣ ለምን አልፈረሙም?»

«እንዴት ልፈርም? ቤታችንን ወሰዱ፣ በቆርቆሮ ከልለው ዘጉን፣ ከዚያ ተስማምተናል ብላችሁ ፈርሙ ይሉናል። አጥሩ ሳይከፈት አልፈርምም ብያለሁ። የእናትና አባቴን ቤት ነው የሰጠሁት። ይህን ያህል እንኳ ክብር የለንም?»

«አጥሩን የሚከፍተው ማን ነው?»

«ላቀው ነዋ።»

እትዬ ስንዱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ዳኛው አይፈርሙም፤ ፈቃድ ክፍሉ አያድስም፤ ባንኩ አይለቅም፤ ማኅበሩ ቀጥል አይልም፤ ኮንትራክተሩ አይጀምርም፤ ፎርማኑ አይፈቅድም፤ ላቀው አይነቅልም፤ ቆርቆሮው አይነሳም፤ ቆርቆሮው ስላልተነሳ ዳኛው አይፈርሙም። ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ አይሞቁም።

ቤት ገብተው ሁሉንም ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ጋሽ ፈለቀ ፊታቸውን ወደ አጥሩ እንዳዞሩ ሰሙ።

«እኔ ስሞት ድንኳኔን የት ሊጥሉት ነው?» አሉ።

«ምን ያለ ሟርት ነው?»

«ሟርት አይደለም ስንዱ፤ አሳብ ነው። እዚህ ድንኳን የሚያስተክል ቦታ የለም። የሞትኩ ዕለት ላቀው በገዛ እጁ ይነቅለዋል። ሬሳዬ በዚያ በኩል አስፋልት ይወጣል። እድር ሲያዝ ማን ፎርማን ይጠይቃል? እስከዚያ ድረስ በሕይወት መኖሬ ነው የዘጋብኝ።»

 እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አጣፉና ተመልሰው የአቶ ወንድይራድን በር አንኳኩ።

«ድንኳን ስጡኝ።»

ዳኛው ደነገጡ። «ጋሽ ፈለቀ...?»

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ማን ሞተ?»

«ሕንፃው።»

አቶ ወንድይራድ ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊታቸውን አዩ። አልነበረም።

«አይንቀሳቀስም» አሉ እትዬ ስንዱ። «አያድግም። ሆዱ ውኃ ይዟል። ወፍ ሰፍሮበታል። ዘመድ ነኝ የሚለው ሁሉ ዛሬ የእኔ አይደለም ይላል። ሰው ቢሆን እስካሁን ሳንቀብረው እንቆይ ነበር? እኛ ዝም ያልነው ይድናል ብለን ነው። አይድንም።»

«እድሩ ለሕንፃ ድንኳን ጥሎ አያውቅም።»

«ሕንፃም እንዲህ ሞቶብን አያውቅም።»

 ዳኛው የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ አነሱ።

ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ለፋፊው እየዞረ የሕንፃችን ለቅሶ ነውና ድንኳን ተከላ ውጡ አለ። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴት ግን የምሯን አለቀሰች፤ እናቷ ቤቱን ሳያዩ የሞቱባት ናት። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረት ተሸክመው መጡ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ላቀው የእድሩ አባል ነው፤ እሱም ከአንድ ጫፍ ተሸክሟል።

«ላቀው፣ ለድንኳኑ ቦታ ያስፈልጋል» አሉ ዳኛው።

«ፎርማኑ ሳይፈቅድ...»

«ባለፈው እናትህ ሲያርፉ ድንኳኑን የተከልነው ፎርማኑን አስፈቅደን ነው?»

ላቀው የብረቱን ጫፍ አወረደ። ወደ ጥበቃ ቤቱ ገብቶ መዶሻ ይዞ ወጣ። አንድ ቆርቆሮ ነቀለ። ድንኳኑ አላልፍ ስላለ ሌላም ጨመረ።

ዳኛው አዘዙ፤ ላቀው ነቀለ፤ ቆርቆሮው ተነሳ፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ ሞቁ።

ነገሩ ይህን ያህል አጭር ነበር።

ወንበራቸው አስፋልቱ ዳር ተቀመጠ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ አሉ እንዴ? በዚህ ሳልፍ ሱቅዎን ሳጣው ሞተዋል ብዬ ነበር።»

«አለሁ። የሞተው ይኼ ነው» አሉ በደህናው እጃቸው ወደ ኋላቸው እያሳዩ። «የኋላ ግራ ጎማህ ነፋስ ይፈልጋል።»

ወሬው ደርሶት ፎርማኑ እየሮጠ መጣ። ድንኳን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። ለቅሶ ቤት ሳይቀመጡ አይጠየቅምና ተቀመጠ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለ፤ ንፍሮ ተዘገነለት። ከቃመ በኋላ ማን ነው የሞተው ብሎ ጎኑ ያለውን ሰው ጠየቀ። ነገሩት። ንፍሮው እጁ ላይ ቀረ።

ሠልስቱ ሲወጣ ላይኛው ሰፈር እውነተኛ ሞት መጣና ድንኳኑ ተነቅሎ ሄደ። ፎርማኑም ያንን ቀን ጠብቆ መጣ።

«በል ላቀው፣ ቆርቆሮዎቹን መልስ።»

«እርስዎ አጥር የሚያስነኩት ኮንትራክተሩ ሥራ ሲጀምር አይደለም እንዴ?»

ፎርማኑ አሰበ። እውነት ነው። ወደ ኮንትራክተሩ ደወለ። ኮንትራክተሩ ማኅበሩ ቀጥል ሳይለኝ ሚስማር አልመታም አለ። ማኅበሩ ባንኩ ሳይለቅ አላዝም አለ። ባንኩ ፈቃዱ ሳይታደስ አልለቅም አለ። ፈቃድ ክፍሉ ዳኛው ሳይፈርሙ አላድስም አለ። ዳኛውን ጠየቋቸው። አቶ ወንድይራድ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ አጥሩ በተከፈተ ማግስት ፈርመው ልከዋል። ፈቃድ ክፍሉ ግን ባለሙያው ስብሰባ ስለሆነ ፊርማውን አላየውም።

ፈቃድ ክፍሉ አያድስም፤ ባንኩ አይለቅም፤ ማኅበሩ ቀጥል አይልም፤ ኮንትራክተሩ አይጀምርም፤ ፎርማኑ አያዝም፤ ላቀው አይመታም፤ ቆርቆሮው አይመለስም፤ ጋሽ ፈለቀ ፀሐይ ይሞቃሉ።

ሕንፃው አንድ ድንጋይ አልተጨመረበትም። ጋሽ ፈለቀ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጣሉ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ለሁለት ነገር ይቆማል፤ ለእሳቸው እንደምን አደሩ ይላል፤ ወደ ሕንፃው ቀና ብሎ ደግሞ ነፍስ ይማር።

ተረቴን የፈለገ ይመልስልኝ። ቆርቆሮውን ግን አደራ፣ አትመልሱት።